ማበጥና መፋፋት፦ የረሃብ እብጠትና የሕክምናው ታሪክ በወሎ

በአማርኛ «ፋፋ» የሚለው ግሥ ስለ ሕፃን ሲነገር ጥጋብንና ጤናን፣ «አበጠ» የሚለው ግሥ ደግሞ ሕመምን ያመለክታል። ሁለቱ ቃላት በትርጉም የተራራቁ ቢሆኑም በረሃብ ዘመን አንዱ የሌላውን መልክ ለብሶ ይመጣል፤ ምግብ ያጣ ሕፃን ጉንጩ ሞልቶ፣ እግሩ ወፍሮ፣ ሆዱ ተነፍቶ ሊታይ ስለሚችል፣ ላየው ሰው የፋፋ እንጂ ለሞት የተቃረበ አይመስልም። ሰውነቱን የሞላው ግን ከቀጫጭን የደም ሥሮች ሾልኮ የወጣና ወደ ደም መመለስ አቅቶት በቆዳው ሥር የተጠራቀመ ውኃ ነው። ሕክምናው ይህን ክምችት «ኢዴማ» ይለዋል፤ መነሻው የምግብ እጦት ሲሆን ደግሞ «የረሃብ እብጠት» ይባላል። የዚህ እብጠት ታሪክ በሁለት ስፍራዎች የተካሄደ ነው፤ አንደኛው ውኃው ለምን እንደሚሾልክ የተጠየቀበት የሩቅ ሀገር ቤተ ሙከራ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከደሴና ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በሐርቡ በኩል ወደ ደቡብ የሚወርደው አውራ ጎዳናና በግራ ቀኙ ያለው የወሎ ገጠር ነው። ሁለቱ ለረጅም ዘመን ሳይተዋወቁ ከቆዩ በኋላ የተገናኙት ዘግይተው ነው።

እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሃርቬይ እ.ኤ.አ. በ1628 ባሳተመው መጽሐፍ ደም ከልብ ወጥቶ ተመልሶ ወደ ልብ እንደሚገባ ሲያስረዳ፣ ደሙ ከሚወስዱት ሥሮች ወደሚመልሱት ሥሮች የሚሻገርበትን ስፍራ ግን በዓይኑ ማየት አልቻለም ነበር። መሻገሪያውን ያየው ጣሊያናዊው ማርቼሎ ማልፒጊ ሲሆን፣ እርሱም እ.ኤ.አ. በ1661 የእንቁራሪት ሳንባ በማይክሮስኮፕ ሲመረምር ዛሬ «ካፒላሪ» የሚባሉትን እጅግ ቀጫጭን የደም ሥሮች አገኘ። የእነዚህ ሥሮች ስፋት ከአንድ ሚሊሜትር መቶኛ እጅ የማይበልጥ፣ ግድግዳቸውም ከአንድ ረድፍ ሕዋስ ብቻ የተሠራ ነው፤ ኦክስጅንና ምግብ ከደም ወጥተው ወደ ሕብረ ሕዋሱ የሚደርሱት በዚህ ስስ ግድግዳ በኩል ነውና ሥሩ ፈጽሞ የማያፈስ ሆኖ አልተፈጠረም። ስለዚህ በጤናማ ሰውም ቢሆን ጥቂት ውኃ ዘወትር ይወጣል፤ እብጠት የሚመጣው የሚወጣው ከሚመለሰው ሲበልጥ ነው።

ይህ ዕውቀት በአውሮፓ ቀስ በቀስ በሚዳብርበት ዘመን ኢትዮጵያ በታሪኳ ከታወቁት ረሃቦች ሁሉ የከፋውን አየች። «ክፉ ቀን» ተብሎ የሚታወሰው ይህ ረሃብ እ.ኤ.አ. ከ1888 እስከ 1892፣ ማለትም በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ፣ የተከሠተ ሲሆን፣ መነሻው በምፅዋ በኩል የገባው የከብት ደስታ በሽታ ነበር። በሬዎች በማለቃቸው ማሳው ሳይታረስ ቀረ፤ ድርቁ፣ አንበጣው፣ ተምቹና ኮሌራው ተደራርበው በመምጣታቸውም ከሀገሪቱ ሕዝብ አንድ ሦስተኛው እንዳለቀ ብዙ ጊዜ ይገመታል። ያን ጊዜ በወሎም ሆነ በሌላው የዓለም ክፍል የረሃብን እብጠት መንሥኤ የሚያውቅ ሐኪም አልነበረም፤ እህል የጠፋበት ሰው እህል ካገኘ ይድናል፣ ካላገኘ ይሞታል ከሚለው ያለፈ ዕውቀትም አልተገኘም።

ክፉ ቀን ባበቃ በአራተኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1896፣ በለንደን ይሠራ የነበረው ኧርነስት ስታርሊንግ እስከ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ማብራሪያ አቀረበ። በእርሱ አባባል በካፒላሪው ግድግዳ ላይ ሁለት ተቃራኒ ኃይሎች ይሠራሉ፤ አንደኛው ልብ ደሙን ሲገፋ የሚፈጠረውና ውኃን ወደ ውጭ የሚያስወጣው ግፊት ሲሆን፣ ሁለተኛው በደሙ ውስጥ የሚገኙ ፕሮቲኖች ውኃን ወደ ውስጥ የሚስቡበት ኃይል ነው። ቋንጣ ለማድረቅ ሥጋው ላይ ጨው ሲነሰነስ ውኃው ወደ ጨው እንደሚሳብ ሁሉ፣ ፕሮቲን የበዛበት ደምም ውኃን ወደ ራሱ ይጎትታል። ከእነዚህ ፕሮቲኖች ዋናው በጉበት የሚሠራው አልቡሚን ሲሆን፣ መጠኑ በጤናማ ሰው በአንድ ሊትር የደም ውኃ ውስጥ ከ35 እስከ 50 ግራም ይደርሳል። በዚህ ስሌት መሠረት ውኃ ከመጠን በላይ የሚሾልከው ወይ የመግፊያው ኃይል ሲበረታ፣ እንደ ልብ ድካም፣ ወይ የመሳቢያው ኃይል ሲዳከም፣ ፕሮቲን በሽንት እንደሚፈስበት የኩላሊት በሽታ፣ ወይም የሥሩ ግድግዳ ራሱ ሲጎዳ፣ እንደ ቃጠሎና እንደ ከባድ ኢንፌክሽን፣ ነው። ከሦስቱ ምክንያቶች ለረሃብ እብጠት የቱ እንደሚስማማ ስታርሊንግ ያነሣው ጥያቄ አልነበረም፤ ከእርሱ በኋላ የመጡት ግን መልሱን ያለ ብዙ ክርክር ከሁለተኛው ጋር አያያዙት።

ይህን ያጠናከረችው በዛሬዋ ጋና፣ በያኔዋ ጎልድ ኮስት፣ ትሠራ የነበረችው የሕፃናት ሐኪም ሲሴሊ ዊልያምስ ናት። ዊልያምስ እ.ኤ.አ. በ1933 በአብዛኛው በበቆሎ የሚመገቡ ሕፃናት ጡት ከጣሉ በኋላ እግራቸውና ፊታቸው እንደሚያብጥ፣ ቆዳቸው እንደሚላላጥ፣ ፀጉራቸው እንደሚሳሳ ገልጻ ጻፈች፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ለበሽታው የአካባቢው የጋ ሕዝብ የሚጠራበትን «ክዋሺዮርኮር» የሚል ስም ለሕክምናው ዓለም አስተዋወቀች። ቃሉ ታናሹ ሲወለድ ከእናቱ ጡት የተገፋ ልጅ የሚይዘውን ሕመም የሚያመለክት በመሆኑ መንሥኤውን በራሱ ይናገራል። በስታርሊንግ ትምህርት ለሠለጠኑ ሐኪሞች ነገሩ ግልጽ መሰላቸው፤ ሕፃኑ ከጡት ወደ ስታርች ሲሸጋገር ፕሮቲን ያጣል፣ ፕሮቲን ሲያጣ ጉበቱ አልቡሚን መሥራት ያቅተዋል፣ አልቡሚን ሲያንስ ውኃው ይሾልካል። የመንሥኤው ሰንሰለት ይህ ከሆነ መድኃኒቱም ፕሮቲን መስጠት መሆኑ የማይቀር ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1952 በአፍሪካ ስላለው ክዋሺዮርኮር ያወጡት የብሮክና የኦትሬ ጥናትም ይህንኑ አመለካከት አጸና።

ከዚያ በፊት በነበሩት የጦርነት ዓመታት ግን ሰንሰለቱን የሚያላላ ማስረጃ ተገኝቶ ነበር። በናዚ ጀርመን ወረራ ሥር በዋርሶ ተከበው በረሃብ ይሞቱ የነበሩ አይሁዳውያን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1942 የታማሚዎቻቸውንና የራሳቸውን ረሃብ መዘገቡ፤ ከሐኪሞቹ አብዛኞቹ ካለቁ በኋላ ሥራቸው ከጦርነቱ ማግሥት ታተመ። በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ አንሰል ኪስ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1944 በጀመረው ጥናት 36 ፈቃደኛ ወጣቶችን ለወራት ምግብ አሳንሶ እየመገበ አጠናቸው። ወጣቶቹ እየከሱ ሲሄዱ እግራቸው ያብጥ ጀመር፤ በደማቸው ያለው ፕሮቲን የቀነሰው ግን በጥቂቱ ብቻ ነበር። አልቡሚን እምብዛም ሳይጎድል እብጠት ከመጣ የመሳቢያው ኃይል መዳከም ብቻውን ምክንያት ሊሆን አይችልም፤ ሆኖም ይህ ጥያቄ ከሠላሳ ዓመታት በላይ ሳይነሣ ቆየ።

በኢትዮጵያ ስለ ሕፃናት አመጋገብ በሳይንስ መንገድ መሠራት የተጀመረው ይህ የፕሮቲን ትምህርት በገነነበት ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ትብብር በአዲስ አበባ የሕፃናት አመጋገብ ክፍል ተቋቋመ፤ ክፍሉ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ተብሎ አደገ፣ ኋላም ዛሬ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ከሚባለው ተቋም ጋር ተዋሐደ። ከሥራዎቹ ሁሉ በሕዝቡ ዘንድ ይበልጥ የታወቀው ከስንዴ፣ ከጥራጥሬና ከወተት ዱቄት ተቀምሞ ጡት ለሚጥሉ ሕፃናት የተዘጋጀው ዱቄት ሲሆን፣ የተሰጠው ስም «ፋፋ» ነበር። ስሙ ለእናት የሚነግራት ተስፋ ሌላ ማብራሪያ አያሻውም፤ ዱቄቱም ፋብሪካ ተከፍቶለት ከአንድ ትውልድ በላይ በከተማ ቤተሰቦች ጓዳና በእርዳታ መጋዘኖች ውስጥ ኖሯል። ነገር ግን ፋፋ ጤናማውን ሕፃን ከእብጠት ለመጠበቅ የታሰበ ምግብ እንጂ ያበጠውን ለማከም የተሠራ መድኃኒት አልነበረም፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚታወቀው ገና ወደፊት ነበር።

በዚሁ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1960፣ በአሜሪካ ቤያርድ ክላርክሰንና ባልደረቦቹ ከረሃብ ጋር ፈጽሞ የማይገናኝ አንድ በሽታ ገለጹ። ምግብ ያልጎደለው ሰው በድንገት የካፒላሪዎቹ ግድግዳ ይከፈትና ፕላዝማው፣ ማለትም የደሙ ውኃማ ክፍል፣ ከነአልቡሚኑ ወደ ሕብረ ሕዋሱ ይፈስሳል፤ የደም ግፊቱ ይወድቃል፣ የቀረው ደም ይወፍራል፣ ከቀናት በኋላም ግድግዳው ተመልሶ ይዘጋል። «የክላርክሰን በሽታ» የተባለው ይህ ሕመም እጅግ ብርቅ ሲሆን፣ ዛሬ ሕመሙ እንዳይመላለስ ከለጋሾች ደም በሚዘጋጅ ፀረ እንግዳ አካል በደም ሥር ይታከማል። ለዚህ ታሪክ ያለው ፋይዳ ግን በሽተኞቹ ጥቂት ሆነው ሳሉ አንድ ትልቅ ነገር ማሳየታቸው ነው፤ እብጠት የአልቡሚን ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የግድግዳውም ጉዳይ መሆኑን።

በወሎ ድርቁ በ1964 እና በ1965 ዓ.ም. ሲበረታ እህሉን የጨረሰ፣ ከብቱን የሸጠ ገበሬ ወደ አውራ ጎዳናው ወረደ። ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ አስመራ የሚዘልቀው መንገድ ያን ጊዜ እርዳታ ሊገኝበት የሚታሰብ ብቸኛ ስፍራ ነበርና፣ ርኃብተኛው በመንገዱ ዳር ባሉት ከተሞች ዙሪያ ተሰበሰበ፤ ወደ አዲስ አበባ የተሰደዱ ገበሬዎችም ወደ መጡበት እንዲመለሱ ተደረገ። በ1965 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ከወሎ ያመጧቸውን ፎቶግራፎች በዩኒቨርሲቲው አሳዩ፤ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ «ያልታወቀው ረሃብ» የተባለውን ፊልም በሀገሩ ቴሌቪዥን አቀረበ። የሞቱትን ሰዎች ቁጥር ልዩ ልዩ አጥኚዎች ከ40,000 እስከ 200,000 ይገምቱታል። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን የተመሠረተው በዚያው በ1966 ዓ.ም. ሲሆን፣ ፊልሙ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር ተቀናብሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በታየ ማግሥት፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን ወረዱ።

ስለዚህ ረሃብ በኋላ የጻፈው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አመለከተ፤ ረሃቡ በበረታበት ወቅት በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ የተጠበቀውን ያህል አልናረም ነበር፣ እንዲያውም ከወሎ እህል ተጭኖ ይወጣ ነበር። ገበሬው የተራበው እህል በሀገሩ ስለጠፋ ብቻ ሳይሆን የሚገዛበት ስላጣ ነው። ጉዳዩ ከሰውነት እብጠት ጋር የሚመሳሰልበት መንገድ አለ፤ ያበጠ ሕፃንም በሰውነቱ ውስጥ ውኃ ሞልቶ ሳለ በደም ሥሩ ውስጥ የሚዞረው ውኃ ያንሰዋል፣ ሀብቱ ከሚያስፈልግበት ስፍራ ወጥቶ በማይጠቅምበት ተከማችቷልና። ይህን ያልተረዳ ሐኪም የሽንት መድኃኒት ሰጥቶ ውኃውን ቢያስወጣ ቀድሞውንም የሳሳውን የደም መጠን ያሳንሰዋል፤ የደም ማነሱን ብቻ አይቶ በደም ሥሩ ብዙ ፈሳሽ ቢያንቆረቁርለት ደግሞ የደከመውን ልብ ያሰጥመዋል። ብዙ ፕሮቲንና ብረት ያለበት ምግብ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መስጠትም ከሁለቱ ያላነሰ አደገኛ እንደሆነ በኋላ ታወቀ።

የፕሮቲኑን ትምህርት ያናጋው ማይክል ጎልደን ነው። ጎልደንና ባልደረቦቹ በጃማይካ ያበጡ ሕፃናትን ሲከታተሉ እ.ኤ.አ. በ1980 እንዳስታወቁት፣ እብጠቱ የሚወርደው በደም ውስጥ ያለው አልቡሚን ከፍ ከማለቱ በፊት ነበር፤ ሕፃኑ የሚበላው ፕሮቲን አነስተኛ ሆኖም እብጠቱ ይጠፋል። ስለዚህ ጎልደን መንሥኤውን ከአልቡሚን ወደ ሕዋሱ ጉዳት አዛወረው። በዚህ አስተያየት የተራበ ሰውነት ከኢንፌክሽንና ከመርዛማ ነገሮች የሚከላከልባቸውን ንጥረ ነገሮች ስለሚያጣ የሕዋሳቱ ሽፋን ይጎዳል፤ ፖታሲየም ከሕዋሱ ይወጣል፣ ሶዲየም፣ ማለትም በገበታ ጨው ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር፣ ይገባል፣ ኩላሊቱም ጨውን ማስወጣት ያቅተዋል። ሕክምናው ሲጀመር ሕዋሳቱ የያዙትን ሶዲየም ወደ ደም ይመልሱታልና፣ በዚያች ሰዓት ተጨማሪ ጨውና ፈሳሽ ያገኘ ሕፃን እየዳነ በሚመስልበት ቅጽበት በልብ ድካም ይሞታል።

ይህ ግኝት ገና ከምርምር መጽሔት ወደ ድንኳን ሳይወርድ «ሰባ ሰባት» የተባለው ረሃብ መጣ። በ1977 ዓ.ም. በያኔው ወሎ ክፍለ ሀገር ከነበሩት መጠለያዎች ስሙ ለዓለም የተሰማው ኮረም ሲሆን፣ ማይክል ቡርክና ካሜራ ባለሙያው መሐመድ አሚን ያቀረቡት ዘገባ ጥቅምት 13 ቀን በቢቢሲ ተላልፏል፤ ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ በሚወርደው መንገድ ላይ ባቲም ሌላ ታላቅ የርኃብተኞች መጠለያ ነበረ። በእነዚህ ስፍራዎች የምግብ ማእከላት ቢከፈቱም ሁለት ችግሮች አልጠፉም። አንደኛው፣ እናት ለሳምንታት ከቤቷ ርቃ ከአንዱ ልጅ ጋር በማእከል ስትቀመጥ ሌሎች ልጆቿና ማሳዋ ያለ ጠባቂ ይቀራሉ፤ ሁለተኛው፣ ብዙ ደካማ ሰው በአንድ ስፍራ ሲታጨቅ ኩፍኝና ተቅማጥ ይዛመታሉ። ኩፍኝና ተቅማጥ ደግሞ የምግብ እጦት ያዳከመውን ሕፃን ወደ እብጠት ከሚገፉት ሕመሞች ዋናዎቹ ስለሆኑ፣ ሊታከምበት የመጣው ስፍራ ለአንዳንዱ ሕፃን የሕመሙ ምንጭ ይሆን ነበር።

ለሕክምናው መለወጥ ወሳኝ የሆነው ማስረጃ የተገኘው በጎረቤት ሀገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 እና በ1993 በሶማሊያ ባይደዋ በረሃብ የተጎዱ ዐዋቂዎችን ያክም የነበረው ስቲቭ ኮሊንስ፣ ያበጡት ሕሙማን በመጀመሪያው የሕክምና ምዕራፍ ፕሮቲኑ አነስ ያለ ምግብ ሲሰጣቸው እብጠታቸው ቶሎ እንደሚጎድልና ሞታቸውም እጅግ እንደሚቀንስ አየ፤ ውጤቱንም ከጎልደን ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1998 አሳተመ። በቀጣዩ ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣው መመሪያ ሕክምናውን በሁለት ምዕራፍ ከፈለው። በመጀመሪያው «ኤፍ 75» የተባለው፣ በ100 ሚሊ ሊትር 75 ኪሎ ካሎሪና ከአንድ ግራም ያነሰ ፕሮቲን ያለው ወተት በየሁለት ወይም በየሦስት ሰዓቱ ሌሊቱንም ጭምር በጥቂት በጥቂቱ ይሰጣል፤ ብረት ይከለከላል፣ ጨው ይቀነሳል፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም ይጨመራል፣ ትኩሳት ባይታይም ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ይታዘዛል። እብጠቱ መውረድ ሲጀምርና የምግብ ፍላጎት ሲመለስ ብቻ በ100 ሚሊ ሊትር 100 ኪሎ ካሎሪ ወዳለው «ኤፍ 100» ይታለፋል። ካበጠ ሰውነት ጋር በተደረገው ረጅም ግብግብ የመጣው ትልቁ ለውጥ አዲስ መድኃኒት መገኘቱ አይደለም፤ የሚበቃውን ምግብ ለመስጠት አለመቸኮል ነው።

ወተቱ ግን ንጹሕ ውኃና ሌሊት የምትነቃ ነርስ ይፈልጋል፤ ይህም በወረዳ ከተማ እንጂ በገጠር ቀበሌ የሚገኝ አይደለም። ፈረንሳዊው የሕፃናት ሐኪም አንድሬ ብሪያንድና የምግብ ባለሙያው ሚሼል ሌስካን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ይህን ችግር ፈቱት፤ የኤፍ 100ን ይዘት ከለውዝ ቅቤ፣ ከወተት ዱቄት፣ ከስኳር፣ ከዘይትና ከቪታሚኖች ጋር በማዋሐድ ውኃ የማይጨመርበት፣ ስለዚህም ጀርም በቀላሉ የማይራባበት ሊጥ ሠሩ። «ፕላምፒነት» ተብሎ የታሸገው ይህ ምግብ በአንድ ከረጢት 92 ግራም ሲመዝን 500 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል፤ ሕፃኑም ያለ ማንኪያና ያለ ምድጃ ከከረጢቱ እየጠባ ይበላዋል።

ይህ ምግብ ሕፃናትን በቤታቸው ለማከም የዋለበት የመጀመሪያው ታላቅ ሙከራ በኢትዮጵያ ነበር። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2000 ጀምሮ በሐዲያ ዞን በባደዋቾ ወረዳ 170 ክፉኛ የተጎዱ ሕፃናት፣ ያበጡትም ጭምር፣ በየሳምንቱ እየታዩ በቤታቸው ታከሙ፤ ኮሊንስና ኬት ሳድለር እ.ኤ.አ. በ2002 እንዳስታወቁት 85 በመቶው ዳኑ፣ የሞቱት 4 በመቶ ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1995 ዓ.ም. ድርቅ ወሎን እንደገና ባገኘ ጊዜ፣ አሠራሩ ወደ ደቡብ ወሎ መጣ። የአየርላንዱ ኮንሰርን ድርጅት ከጤና ጽሕፈት ቤቶች ጋር ሆኖ በደሴ ዙሪያና ሐርቡ በምትገኝበት በቃሉ ወረዳ የቤት ውስጥ ሕክምናውን በመንግሥት ጤና ተቋማት በኩል አካሄደ። በስልሳ ስድስቱና በሰባ ሰባቱ ረሃብ ርኃብተኛው ወደ አውራ ጎዳናው ወርዶ ይጠብቅ ነበር፤ አሁን ሕክምናው ከጎዳናው ወደ ቀበሌው ሄደ።

የአሠራሩ እምብርት ቀላል ምርመራ ነው። ባለሙያው የሕፃኑን ሁለት እግሮች ጀርባ በአውራ ጣቶቹ ለሦስት ሰከንድ ያህል ይጫናል፤ ጣቱን ሲያነሣ ስርጉዱ በሁለቱም እግሮች ላይ ከቀረ እብጠቱ ውኃ ነው። በእግር ብቻ የተወሰነው በአንድ መደመር ምልክት፣ ወደ ቅልጥምና ወደ እጅ የወጣው በሁለት፣ ፊት የደረሰው በሦስት ይመዘገባል። የፋፋ ሕፃን እግር ሲጫኑት ወዲያው ይመለሳል፤ ያበጠው ግን የጣቱን ዐሻራ ይዞ ይቆያል። በሦስት መደመር የተመዘገበ፣ የምግብ ፍላጎት የጠፋበት ወይም ሌላ ሕመም የያዘው ሕፃን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይላካል፤ ሌላው በእናቱ ፊት ከከረጢቱ አፍ ቀምሶ፣ መብላት መቻሉ ከታየ በኋላ የሳምንት ድርሻውን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በቀጣዩ ሳምንት ሚዛኑ ብዙ ጊዜ ቀንሶ ይገኛል፤ ውኃው ሲወርድ ጉንጩ ይጎድላል፣ የጎድን አጥንቱ ይወጣል። ልጇ በሕክምናው የከሳ ለመሰላት እናት ይህ የመዳን ምልክት መሆኑን ማስረዳት ከመድኃኒቱ እኩል አስፈላጊ ሥራ ነው።

መንግሥት በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ይህን ሥራ የሚሸከም ሰው አስገኘ፤ ለእያንዳንዱ ቀበሌ ሁለት ሴት ባለሙያዎች ተመደቡ። የፌዴራል ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2007 ብሔራዊ የሕክምና መመሪያ አወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የምግብ እጥረት በደቡብና በኦሮሚያ ሲከፋ ደግሞ ሕክምናው እስከ ጤና ኬላ እንዲወርድ ተወሰነ። ምግቡንም ሕሊና የተባለው ኢትዮጵያዊ ፋብሪካ በሀገር ውስጥ ማምረት በመጀመሩ፣ እንደ ፋፋ ዱቄት ሁሉ ይህም የሕፃናት ምግብ የሀገር ምርት ሆነ፤ በዚህ ጊዜ ግን የተሠራው ለታመመው ሕፃን ነበር።

ውኃው ለምን ይሾልካል የሚለው የጥንቱ ጥያቄ በዚህ ጊዜም አልተዘጋም። የሕዋስ ጉዳትን ይከላከላሉ የተባሉ ንጥረ ነገሮች በማላዊ ለሕፃናት አስቀድመው ተሰጥተው እብጠቱን እንዳላስቀሩ እ.ኤ.አ. በ2005 ታወቀ። በዛምቢያ የተደረገ ጥናት ደግሞ በክዋሺዮርኮር በተያዙ ሕፃናት አንጀት ውስጥ ሄፓራን ሰልፌት የተባለው፣ ስኳርና ፕሮቲን የተጣመሩበት የሕዋስ ልባስ እጅግ መሳሳቱን አሳየ። ይህ ልባስ የካፒላሪዎችንም የውስጥ ግድግዳ ይሸፍናል፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ሌቪክና ሚሼል የስታርሊንግን ስሌት ሲያሻሽሉ ውኃን በደም ውስጥ የሚያቆየው ዋናው ወንፊት ይህ ልባስ መሆኑን፣ የወጣውም ውኃ በአብዛኛው የሚመለሰው በዚያው ሥር ሳይሆን በሊምፍ ቧንቧዎች በኩል መሆኑን አስረዱ። በተመሳሳይ ጊዜ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ 3,141 በኢንፌክሽን የደከሙ ሕፃናት የታቀፉበትና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት፣ በደም ሥር በፍጥነት ብዙ ፈሳሽ የተሰጣቸው ሕፃናት ሞት ከሌሎቹ ይልቅ መብለጡን አሳየ። በድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ2013 ወረርሽኝ ሆኖ የታየው የደንጊ ትኩሳትም ትኩሳቱ በሚበርድበት ሰዓት ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ፕላዝማን ከሥሮች የሚያሾልክ ሲሆን፣ ሐኪሙ እዚያም ፈሳሹን በልክ ይሰጣል፤ የሾለከው ሲመለስ ልብን እንዳያጥለቀልቅ። ሕመሞቹ ቢለያዩም ትምህርታቸው አንድ ነው፤ የሚያፈስን ሥር በመሙላትና በማድረቅ ማዳን አይቻልም፣ ግድግዳው እስኪጠገን በልኩ ደግፎ መቆየት ያስፈልጋል።

በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የጤና ተቋማት ተጎዱ፣ ተዘረፉም፤ በየሳምንቱ የሚሰጠውን ምግብ የሚጠብቁ ሕፃናት የሚታዩበት መዝገብም የተቋረጠባቸው ቀበሌዎች ነበሩ። የቤት ውስጥ ሕክምና ብርታቱ ከሕዝቡ አጠገብ መሆኑ እንደሆነ ሁሉ ድክመቱም በዚያው ታየ፤ ከረጢቱ የሚመጣበት መንገድ ሲዘጋ ሕክምናው ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ2023 የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ምግብ ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አስገባው፤ ምግብ መድኃኒት ሆኖ ሲመዘገብ እጥረቱም እንደ መድኃኒት እጥረት እንዲቆጠር መንገድ ይከፍታል። ይሁንና ከዚህ ሁሉ ምርምር፣ ፋብሪካና መመሪያ በፊት ያለው የመጀመሪያው ተግባር ገንዘብ የማይጠይቅ ነው። በስልሳ ስድስት በአውራ ጎዳናው ዳር የተቀመጠ ሕፃንን ያየ ሰው ፋፍቷል ወይስ አብጧል የሚለውን በዓይኑ መለየት ያቅተው ነበር፤ ዛሬ በቃሉ ወረዳ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ መልሱን በአውራ ጣቷ በሦስት ሰከንድ ታገኘዋለች፣ ስርጉዱ ከቀረም ለእናቲቱ ልጇ በመጀመሪያ እንደሚከሳ፣ ኋላም እንደሚፋፋ ትነግራታለች።